የጣልነው ነገር የማን ነው?

ባለፈው ጥምቀት፣ የቃና ዘገሊላ በዓል አልፎ ታቦታቱ ሁሉ ወደየመንበራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን ማለዳ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት መጥረጊያና ማዳበሪያ ይዘን ታቦታቱ አድረውበት ወደነበረው ሜዳ ወርደን ነበር። ሥራው የአንድ ሰዓት መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ቀትር ሆኖም አልጨረስንም። በሣሩ ላይ የተበተነው ሃይላንድ፣ በአጥሩ እሾህ ላይ የተሰቀለው ፌስታል፣ በእግር ተረግጦ ከአፈሩ ጋር የተለወሰው የብስኩት መጠቅለያ በእጅ ካልተለቀመ በመጥረጊያ የሚነሣ አልሆነም። ሃያ ሁለት ማዳበሪያ ሞላን።

ላባችንን እየጠረግን ሳለ አንዲት እናት ጆንያቸውን በትከሻቸው አንግተው መጡ። በየሰፈሩ እየዞሩ ሃይላንድ ለቅመው፣ በኪሎ ለሚረከቧቸው ነጋዴዎች የሚሸጡ እናት ናቸው። ክምሩን አይተው ወዲያው አልነኩትም። «ልጆቼ፣ ይኼ የናንተ ነው እንዴ? ልውሰደው?» ሲሉ ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ ደስ ሊያሰኛቸው ቸኩሎ፣ «የማንም አይደለም እማማ፤ ይውሰዱት» አላቸው።

እማማ ጠርሙሱን እየመረጡ ወደ ጆንያቸው ሲከቱ ግን የብዙዎቹ ክዳን ቀይ ነጥብ እንዳለበት አየን። ያን ነጥብ ያደረግነው እኛው ነን። ለመዝሙር ክፍላችን የልብስ ማሠሪያ ገንዘብ ለማግኘት በበዓሉ የታሸገ ውኃ ስንሸጥ ሰንብተን ነበርና፣ በረዶው ውስጥ ከጎረቤት ሻጭ ውኃ ጋር እንዳይደባለቅ እያንዳንዱን ክዳን በቀይ ቀለም ምልክት አድርገንበት ነበር። እንግዲህ «የማንም አይደለም» ያልነው ነገር ፊርማችን በላዩ ላይ ነበረበት ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ ጉባኤ ስንከራከር የከረምነው በዚሁ ስለሆነ፣ ያሰብነውን ለእናንተም ለወንድሞችና ለእኅቶች ልናካፍል ወደድን።

ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ዕቃ የእርሱ መሆኑን የሚክድ የለም። ሌላው ቢነካበት ይቆጣል፤ ቢሰረቅበት ይከሳል። ታዲያ ይህ ባለቤትነት የሚያበቃው መቼ ነው? ዕቃው ጥቅሙን ጨርሶ ከእጅ መውደቁ ብቻ ባለቤት አልባ ያደርገዋልን? ቤቱን የሸጠ ሰው ለገዢው ያስረክባል፤ ልብሱን ለድሀ የሰጠም ተቀባይ አለው። የጣለ ሰው ግን ለማን አስረከበ? ስንጥል የምናደርገው ነገር፣ ስሙን ሳናውቅ ፈቃዱንም ሳንጠይቅ፣ ለሌላ ሰው ማሸከም ነው። «ጣልሁት» የሚለው ቃል ነገሩን የጠፋ ያስመስለዋል እንጂ የተለወጠው ተሸካሚው ብቻ ነው።

ይህን አዲስ አበባ በመራራ ኀዘን ተምራዋለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለብዙ ዘመን የተከመረው የከተማው ቆሻሻ ተንዶ፣ በሥሩ ቤት ቀልሰው ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ከ110 የሚበልጡትን ቀበረ። እያንዳንዱ የከተማ ነዋሪ ከደጁ ያወጣውን ቆሻሻ «ሄደልኝ» ብሎ ነበር። የሄደበት ስፍራ ሰው ነበረበት።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ጕድጓድ የተጻፈ ሕግ አለ። አንድ ሰው ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ቢተወውና የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት፣ የጕድጓዱ ባለቤት ዋጋውን ለከብቱ ባለቤት እንዲከፍል ያዝዛል። ልብ በሉ፤ ሰውዬው በሬውን አልገፈተረውም፤ ክፋትም አላሰበም፤ ምናልባትም በዚያች ሰዓት ቤቱ ተኝቶ ነበር። ጥፋቱ አንድ ነው፤ የጀመረውን ሥራ ሳይዘጋ መሄዱ። በእኛ ሰፈር በፋሲሎ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የሚለቃቅሙትን ላሞች የማያውቅ የለም። ምግብ የነካው ፌስታል ይሸታቸውና ከነምኑ ይውጡታል። ፌስታል ደግሞ በላም ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ ተመልሶ አይመሰኳም፤ በእበትም አይወጣም። አንዱ በሌላው ላይ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ ላሚቱም የጠገበች እየመሰላት ትከሳለች። ባለቤቷ መድኃኒት ይገዛል፤ ጠበል ይረጫል፤ በመጨረሻ ስትታረድ ከሆዷ ተጠቅልሎ የሚወጣው የእኛ ያልተከደነ ጕድጓድ ነው። በሙሴ ዘመን የጕድጓዱ ባለቤት ይታወቅ ነበር። ፌስታል ግን ቀይ ነጥብ አይደረግበትም፤ ስለዚህ ዳኛ ፊት የሚያቆመን የለም፤ የቀረን ኅሊና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ አንዳንዶቻችን ስሜት ወስዶን የአያቶቻችንን ዘመን ማሞገስ ጀምረን ነበር። ዘንቢሉ፣ አገልግሉ፣ ቅሉ፣ እንስራው፣ አቁማዳው ሁሉ ከምድር ተገኝቶ ወደ ምድር የሚመለስ ነበር እያልን። ይህን ንግግር የአንዷ እኅታችን እናት ሰምተው ሳቁብን። «ለመሆኑ እንስራ አዝላችሁ ዳገት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ጄሪካን መጥቶ ስንት ሴት ወገቧ አረፈ፤ እንስራዋ በመንገድ ተሰብሮ ውኃውንም ዕቃውንም አጥታ ስታለቅስ የተመለሰች ስንት ናት። ጄሪካንም ላስቲክ ነው፤ ነገር ግን ዓመታት ያገለግላል፤ ቢቀደድ እንኳ በጋለ ብረት ተጠግኖ እንደገና ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ ጠባችን ከላስቲክ ሁሉ ጋር እንዳልሆነ ተስማማን። ጠባችን ከሱቅ እስከ ቤት አሥር ደቂቃ አገልግሎ፣ ዕድሜው ግን ለልጅ ልጅ ከሚተርፈው ጋር ነው።

የሚያስገርመው፣ ይህን ባለ ጆሮ ፌስታል የፈለሰፈው ሰው ራሱ እንዲህ እንዲሆን አላሰበም። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ የሚሠራበት ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ ለወረቀት ከረጢት ሲባል የሚቆረጠው ዛፍ አሳስቦት የሚበረታና ደጋግሞ የሚያገለግል ዕቃ ሊሠራ ፈልጎ ነበር፤ እርሱም ዘወትር አንድ ፌስታል አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ የተበላሸው በእጃችን ያለው አያያዝ ነው።

አያያዝ ካነሣን ዘንድ ስለ ሃይላንድ ጥቂት እንበል። ሃይላንድ ቀድሞ የአንድ የታሸገ ውኃ የንግድ ስም ነበር፤ ዛሬ ባዶውን የላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ከመካከላችን ከገጠር የመጣን ልጆች አውቶቡስ ሲያልፍ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያልን ከመንገድ ዳር የሮጥንበትን ቀን አንረሳም። ያ ባዶ ጠርሙስ ለእረኛ ልጅ የውኃ መያዣ፣ ለቤት የዘይት ዕቃ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ያንኑ ጠርሙስ በየሜዳው የምንጥለው እኛው ነን። ድሀ ሃይላንድ አይጥልም፤ ሳይቀደድ ፌስታልም አይጥልም፤ አጥቦ ያሰጣዋል። ስለዚህ «ቆሻሻ አትጣሉ» የሚለው ስብከት ለእነርሱ ሲሰበክ ስንሰማ እናፍራለን፤ መነገር ያለበት መግዛት ለሚችለው ለእኛ ነው።

አንድ ሳምንት ያህል በእጃችን የሚገባውን ፌስታል እንቁጠር ተባባልን። ፔዳ የሚማረው አንዱ ወንድማችን በሰባት ቀን 23 ቆጥሮ መጣ። ምን ተይዞባቸው ነበር ቢባል፤ ሁለት ዳቦ፣ አንድ ሳሙና፣ ሦስት ሎሚ፣ የካርድ መሙያ ወረቀት ሳይቀር። አንዳንዱ በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርቦ የተሰጠው ነው። እርሱ እንደሚለው የሚያስቸግረው መቁጠሩ ሳይሆን እምቢ ማለቱ ነው። ባለሱቋ «ኧረ ነውር ነው፣ እንዴት በባዶ እጅህ ትይዘዋለህ?» ትለዋለች። መስጠቷ ከልግስና ነው፤ ፌስታል መንሣት ለደንበኛ ንቀት ይመስላታል። በሌላ ቀን ደግሞ ከቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም በዘንቢል ይዞ ሲመለስ የክፍል ጓደኞቹ አግኝተውት «ዛሬ ደግሞ ማን ቤት ተቀጠርህ?» ብለው ሳቁበት። ከዚያ በኋላ ዘንቢሉን በትልቅ ፌስታል ውስጥ ከትቶ መሄድ እንደጀመረ ሲነግረን ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን።

ነገሩን ስናስበው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የላስቲክ ብዛት በከተማችን ከድህነት ወይም ከዕውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አይመስለንም፤ ብዙው ይሉኝታ ነው። ዳቦ በጨርቅ መያዝ፣ ጣሳ ይዞ ወተት ለመግዛት መሄድ፣ ወንድ ልጅ ዘንቢል ማንጠልጠሉ «ምን ይሉኛል» ያሰኛል። ስለዚህ ሰው አይቶ ላይስቅብን፣ ላሚቱ ሞታ ባለቤቷ ያልቅስ ማለታችን ነው። እንዲህ አድርገን በግልጽ ስናስቀምጠው ማናችንም አንፈርምበትም፤ በየቀኑ የምንኖረው ግን ይህንኑ ነው። ከተማችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ የጥጥ ልብስ የሚመረትባት ከተማ ሆና፣ ሰዎቿ የጨርቅ ከረጢት ለመያዝ ማፈራቸው ይገርመናል።

ከወንድሞቻችን አንዱ ግን ጠንከር ያለ ክርክር አመጣብን። «የእኔ አንድ ፌስታል ጣናን አያደርቅም፤ የእኔ መተውም ጣናን አያድንም። የማይጠቅም ነገር ላይ ኅሊናን ማስጨነቅ የግብዝ ጽድቅ ነው» አለ። እውነት አለበት። ነገር ግን ይኸው ወንድማችን በሙዳየ ምጽዋት አሥር ብር ሲጥል «የእኔ አሥር ብር ቤተ ክርስቲያን አያሠራም» ብሎ አያውቅም። በወንጌል ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ስናነብ ሁላችን እንመሰክርላታለን፤ ጌታም ስጦታዋን በመዝገቡ ብዛት አልመዘነውም። ታዲያ ጥቂት በጎነት ጥቂት ሆኖ ሳለ ይቆጠራል ካልን፣ ጥቂት በደል ጥቂት ስለሆነ ብቻ አይቆጠርም የምንለው በምን ሚዛን ነው? አሥሩን ብር የምናስብ ከሆነ ፌስታሉንም ማሰብ ይገባናል። ወንድማችን ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ አልተሸነፍሁምም ብሏል።

ሌላዋ እኅታችን ደግሞ ነገሩ የመንግሥትና የፋብሪካ ነው ትላለች። ሕግማ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለውን የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ወደ ሀገር ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላም በየሱቁ ሲሰጠን የኖረው በጣት ሲነካ የሚቀደደው ስሱ ፌስታል ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጭራሹን የሚከለክልና መቀጫም ያለበት አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ሩዋንዳ ይህን በ2008 እ.ኤ.አ. አድርጋ ጠብቃዋለች፤ ኬንያም በ2017 እ.ኤ.አ. ተከትላለች። ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው፤ እኅታችንም ያለ ሕግ የብቻ ትግል ይደክማል ማለቷ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ አዋጆች መካከል ያለፉት 18 ዓመታት የሚነግሩን ነገር አለ፤ ሕግ ፌስታሉን ከእጃችን ሊነጥቅ ይችላል፤ ዘንቢሉን ግን በእጃችን አያስይዘንም።

ስለ ጣና ደግሞ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። እምቦጭ በሐይቁ ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ በኋላ የሀገሩ ሕዝብ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ። ከየአቅጣጫው ወጣቱ እየዘፈነ፣ ካህናቱ እየጸለዩ፣ ገበሬው ሥራውን ፈትቶ፣ እስከ ደረት ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። እኛም ሄደናል፤ እጃችን ቆስሎ ተመልሰናል። እምቦጭ ከውጭ የመጣ ጠላት ስለሆነ ልንዘምትበት ቀላል ነበር። ፌስታል ግን ከእጃችን ስለሚወጣ ዘመቻ አልተጠራበትም፤ ጠላቱ ማን ሊሆን ነው? ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ የማይገኙ በርካታ የዓሣ ዝርያዎች ይኖሩበታል፤ ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ላስቲክ በፀሐይና በማዕበል ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም፤ እየደቀቀ ዓይን የማያየው ትቢያ ይሆናል፤ ዓሣውም ከምግቡ ጋር ይውጠዋል። በዝዋይ ሐይቅ የተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሣዎች በ35 ከመቶው ሆድ ውስጥ ላስቲክ አግኝቷል። በጾም ሳይሆን በፍስክ ቀን ከባሕር ዳር ዳርቻ የተጠበሰ ቆሮሶ የምንበላ ሁሉ፣ የጣልነውን መልሰን ልንበላው እንደምንችል እንወቅ። ያልቀረውን ደግሞ ዓባይ ይዞት ይወርዳል፤ በጢስ ዓባይ አልፎ፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ግድብ፣ ከዚያም ወዲያ። ፌስታል ፓስፖርት አይጠየቅም።

የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በሐይቁ ዳር ከደንገል የሚሠሩትን ታንኳ ተመልከቱ። ጥቂት ወራት ያገለግልና ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ይተዉታል፤ ደንገሉም በስብሶ ሌላ ደንገል ያበቅላል። እርሱን የጣለ ሰው ማንንም አላሸከመም።

«ታዲያ እማማን የመሳሰሉ ለቃሚዎች አሉ፤ ፋብሪካም መልሶ ያቀልጠዋል፤ ምን አስጨነቀን?» የሚል አስተያየትም ቀርቦ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የታወቀ ጥናት፣ ዓለም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. 8.3 ቢሊዮን ቶን ላስቲክ እንደሠራችና ቆሻሻ ከሆነው ውስጥ ተመልሶ የተሠራው 9 ከመቶው ብቻ እንደሆነ ያሳያል። 12 ከመቶው ተቃጥሏል፤ የቀረው በየቆሻሻ ጕድጓዱና በየሜዳው ነው። እማማም ቢሆኑ በዚያን ቀን ሃይላንዱን መርጠው ፌስታሉን ትተውልን ሄደዋል፤ የሚገዛቸው የለምና። ሃያ ሁለት የነበረው ማዳበሪያ ወደ አሥራ አራት ወረደ እንጂ አላለቀም። ስለዚህ ከመልቀም በፊት መቀነስ ይቀድማል ያልነው ከዚህ ተነሥተን ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 አምስቱ እንጀራ ለብዙ ሺህ ሕዝብ ከበቃ በኋላ፣ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የተረፈውን ቍርስራሽ እንዲሰበስቡ፣ ምንም እንዳይባክን እንዳዘዛቸው እናነባለን። አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። እንጀራን ከጥቂት ማብዛት የሚችል፣ ነገም ሊያበዛ የሚችል ጌታ፣ ትርፉን በሣሩ ላይ ትቶ አልሄደም። እኛ ግን በስሙ በተሰበሰብንበት ሜዳ ትተነው ሄድን፤ ከትርፉም ልብስ አሠፋን።

ስለ መጪው ጥምቀት የተደረገው ክርክር ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የውኃው ሽያጭ ይቅር የሚሉና ይቀጥል የሚሉ ሁለት ወገን ሆንን። ይቀጥል የሚሉት የዋዛ ሰዎች አይደሉም፤ የመዝሙር ክፍሉ ሃምሳ ልብስ ያስፈልገዋል፤ ከበሮውም ቆዳው ላልቷል፤ ያን የሚሸፍን ሌላ ገቢ የለንም። በመጨረሻ በ31 ድምፅ በ19፣ የታሸገ ውኃ እንዳይሸጥ ተወሰነ። በምትኩ ቧንቧ ያላቸው ሁለት በርሜሎች ተገዝተው፣ ውኃው ፈልቶ ቀዝቅዞ በብረት ኩባያ እንዲታደል፣ ለምእመናኑም ለጠበል መውሰጃ ዕቃቸውን ከቤት ይዘው እንዲመጡ ከሳምንት በፊት በዐውደ ምሕረት እንዲነገር ተስማማን። ኩባያ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ በሽታ ያመጣል የሚለው ስጋት ተነሥቶ ነበር፤ ስለዚህ በሳሙናና በሙቅ ውኃ የሚያጥቡ ስድስት ሰዎች ተመደቡ። እኅቶቻችን ደግሞ ከአቡጀዲ ከረጢት እየሰፉ ከበዓሉ በፊት ይሸጣሉ፤ እስካሁን 40 ተሰፍቷል፤ 11 ተሸጧል፤ ከገዢዎቹ ሦስቱ ወንዶች ናቸው።

ውሳኔያችንን ይዘን ወደ እማማ ሄድን፤ ሊያመሰግኑን ይችላሉ ብለን ነበር። ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያም «ታዲያ እኔ በጥምቀት ምን ልልቀም ነው ልጆቼ?» አሉን። የጥምቀት ሁለት ቀን ለእሳቸው የወር ያህል ነው። ይህን አስቀድመን አላሰብነውም ነበር። ከእኅቶቻችን አንዷ፣ ከኩባያ አጣቢዎቹ አንዷ እሳቸው ይሁኑና የቀኑ ዋጋ ይከፈላቸው የሚል ሐሳብ አቅርባለች፤ ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን ይዛለች፤ ስብሰባው በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው።